ሰው ሲታሰር፦ ቤተሰብ ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

እዚህ ያሉትን ጥያቄዎች ሰዎች ጠይቀውኛል። አብዛኞቹ የመጡት ሌሊት ነው፤ በስልክ፣ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ። ከ2008 ወዲህ ያለፍንባቸው ዓመታት ከባድ ናቸው። ተቃውሞው፣ ተደጋጋሚው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ጦርነቱ። ፍርድ ቤት ደጅ ረግጦ የማያውቅ ቤተሰብ ሁሉ "ጊዜ ቀጠሮ" የሚለውን ቃል ተምሯል።

ከመልሶቹ ሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ሰው የሚጠፋው ስሙ ያልተጻፈበት ቦታ ነው። የጣቢያ መዝገብ፣ የችሎት መዝገብ፣ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ፣ የጠበቃ ፋይል፦ ስሙ አንዱ ላይ ከገባ የሚጠይቀው ሰው አለ። ከታች የምላችሁ ሁሉ ወደዚያ ያመራል። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ሕግ ስለሚሻሻል ደግሞ አንቀጽ ጠቅሳችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ለጠበቃ አሳዩት።

ልጄን አሁን ማታ ወሰዱት። ከየት ልጀምር?

ደብተር አውጡና ሰዓቱን ጻፉ። ስንት ሰዓት ላይ መጡ? ስንት ነበሩ? የደንብ ልብስ ለብሰዋል ወይስ ሲቪል ናቸው? መኪናው ምን ዓይነት ነው? ታርጋውስ? ምን አሉ? ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ፓስፖርት ወስደዋል? ጎረቤት ካየ ስሙን ጻፉ። ነገ የምታስታውሱት ይመስላችኋል። አታስታውሱትም።

ከዚያ ቅርብ ወዳለው ጣቢያ ሂዱ። ሌሊቱ የሚያሰጋ ከሆነ ማለዳ ሂዱ። ለብቻ አትሂዱ፤ ሁለት ሁኑ። አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይጽፋል። "እዚህ የለም" ካሏችሁ ማን እንዳለና ስንት ሰዓት ላይ እንዳለ ጻፉና ወደሚቀጥለው እለፉ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የሰፈሩን ጣቢያ፣ ቀጥሎ የክፍለ ከተማውን ፖሊስ መምሪያ፣ ቀጥሎ በተለምዶ "ሦስተኛ" የሚባለውን የአዲስ አበባ ፖሊስ ወንጀል ምርመራ፣ ቀጥሎ የፌዴራል ፖሊስ ወንጀል ምርመራን ጠይቁ።

ስንቅ ይዛችሁ ሂዱ። ይሄ እናቶቻችን በየዘመኑ የተጠቀሙበት ዘዴ ነው። ምግቡን ከተቀበሏችሁ ልጁ እዚያ አለ ማለት ነው። በር ላይ ያለው ፖሊስ እንጀራውን ገልጦ ያያል፣ ወጡን በማንኪያ ያማስላል፣ "ቅመሺው" ይላል። ትቀምሳላችሁ። ምሳ ዕቃው ላይ ስሙን በፕላስተር ለጥፋችሁ ትሰጣላችሁ። ባዶው ሲመለስ አገላብጣችሁ እዩት። መብላት አለመብላቱን እናት ከዚያ ነው የምታነበው። ሦስት ቀን ሙሉ ሳይነካ ከተመለሰ ደግሞ ያን ቀንና ሰዓት ጻፉ፤ ለአቤቱታ ይጠቅማል።

መጠየቅ መብታችሁ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የተያዘ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዱ፣ በጓደኛው፣ በሃይማኖት አባቱ፣ በሐኪሙና በጠበቃው እንዲጎበኝ ይፈቅዳል። በር ላይ ሲከለክሏችሁ አትጣሉ። "የከለከለኝን ሰው ስም ልጻፍ" በሉ፣ በትሕትና። አንዳንዴ ይሄው ብቻ በር ያስከፍታል።

ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ መያዝ ይችላሉ?

አንዳንዴ አዎ። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ማዘዣ ሳይጠብቁ ይይዛሉ። ቢያንስ 1 ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ፈጽሟል ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ካለም እንዲሁ። "ያለ ማዘዣ ነው የያዙት" ብላችሁ ብቻ ችሎት ፊት ብትቆሙ ሩቅ የማትሄዱት ለዚህ ነው።

ቤት መፈተሽ ግን ሌላ ነው። በመደበኛው ጊዜ ብርበራ የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልገዋል፤ ጠበብ ያሉ የተለዩ ሁኔታዎች አሉ። ሰዓቱም ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ነው፣ ፍርድ ቤት ሌላ ካላዘዘ። ሴትን የምትፈትሸው ሴት ናት። የተወሰደው ዕቃ በዝርዝር ይጻፋል። ሳታነቡ አትፈርሙ። ያልወሰዱት ከተጻፈ ወይም የወሰዱት ካልተጻፈ እዚያው ወረቀቱ ላይ ተቃውሟችሁን አስፍሩ።

48 ሰዓት የሚባለው ከመቼ ይቆጠራል?

ከተያዘበት ሰዓት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የሚለው የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ነው። ከዚህ የሚቀነሰው ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ በግምት የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው። ከአንድ ወረዳ ገጠር ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ ይቀነሳል። ከፒያሳ አራዳ ምድብ ችሎት ድረስ ግን የሚቀነስ መንገድ የለም።

ፖሊስ ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው መዝገብ ላይ ከጻፈበት ሰዓት ነው። ማክሰኞ ማታ የተያዘ ሰው ሐሙስ ጠዋት "ተያዘ" ተብሎ ይጻፋል። ደብተሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው።

ጊዜ ቀጠሮ ምንድን ነው? ስንት ጊዜ ይሰጣል?

ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ተጠርጣሪውን ለማቆየት ዳኛውን የሚጠይቀው ቀን ነው። በ1954 የወጣውና ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59 አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም ይላል። ያው ሕግ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን ጣሪያ አላስቀመጠም። በእኔ እምነት የሥርዓቱ ትልቁ ቀዳዳ ይሄ ነው። 14፣ ሌላ 14፣ ደግሞ 10 እያለ ሰው ሳይከሰስ ወራት ይቆያል። በ2001 የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 ደግሞ ይባስ ብሎ የአንዱን ቀጠሮ ትንሹን መጠን 28 ቀን አድርጎት ነበር። በ2012 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1176 ተሽሯል።

14 ቀን የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የግድ የሚሰጥ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ ለምርመራ በጥብቅ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ይሰጥ ነው የሚለው። ጥሩ ዳኛ ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ፖሊስን "ባለፉት ቀናት ምን ሠራችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። መልሱ "ምስክር እያፈላለግን ነው" ከሆነ ስንት ምስክር፣ እነማን፣ ለምን እስካሁን አልተገኙም ይላል። ጠበቃ ከሌላችሁ ተጠርጣሪው ራሱ ይሄን ይጠይቅ። "ባለፈው ቀጠሮ ያሉት ምክንያት ይሄው ነበር፤ ከመዝገቡ ይታይልኝ" ማለት ይችላል።

ከማልረሳቸው ጠዋቶች አንዱን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ችሎት የመጣችው ነጠላዋን ተከናንባ፣ የልጇን የድሮ የሒሳብ ደብተር ይዛ ነው። ፖሊስ ልጁን የያዝኩት ሐሙስ ነው አለ። ዳኛዋ ልጁን ጠየቁት፤ "ማክሰኞ ማታ ነው" አለ። ቃል በቃል ሆነ። ጠበቃው ደብተሩን ተቀብሎ አነበበ። ማክሰኞ፣ 3 ሰዓት ከ20፣ ነጭ ፒክአፕ፣ ታርጋው፣ አራት ሰዎች፣ ያዩት ጎረቤት ስም። ከሥሩ ረቡዕ ጠዋት ስንቅ ያስገባችበት ሰዓት። ሐሙስ ተያዘ የተባለው ልጅ ረቡዕ ቁርስ በልቷል። ዳኛዋ ለተወሰነ ጊዜ ዝም ብለው ጻፉ። ፖሊስ የጠየቀው 14 ቀን ነበር። የተሰጠው 5 ሆነ፣ የአያያዙ ሰዓትም ተጣርቶ እንዲቀርብ ታዘዘ። በሚቀጥለው ቀጠሮ በዋስ ወጣ። እናትየው ማንበብና መጻፍ የተማረችው ጎልማሳ ሆና በማታ ትምህርት ነው።

በቀጠሮው ቀን ችሎት መገኘታችሁ ራሱ ዋጋ አለው። ተጠርጣሪው ዘወር ብሎ የሚያየው ሰው ይፈልጋል። ዳኛውም ወንበሩ ላይ ቤተሰብ ሲቀመጥ ያያል።

ምርመራ ላይ "ቃልህን ስጥ" ሲሉት ምን ያድርግ?

ዝም ማለት ይችላል። ስሙንና አድራሻውን ተናግሮ "ጠበቃዬ ሳይኖር ቃል አልሰጥም" ይበል። የሚናገረው ነገር ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል ሊነግሩት ይገባል፤ በሚገባው ቋንቋ። አማርኛ በደንብ የማይሰማ ሰው አስተርጓሚ ሳያገኝ ቃሉ ቢጻፍ ኋላ ላይ ነገሩ ይበላሻል።

በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት የለውም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5። ችግሩ መገደዱን ማስረዳት ነው። ስለዚህ ተገድዶ ከሆነ በመጀመሪያው ችሎት፣ በመጀመሪያው ዕድል ይናገር። "ከተፈታሁ በኋላ እናገራለሁ" ብሎ የቆየ ሰው ኋላ "ለምን ያኔ አልተናገርክም?" ይባላል።

ዋስትና መቼ ይከለከላል?

መብቱ መርሕ ነው፤ ክልከላው የተለየ ሁኔታ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ዋስትና የሚከለክለው ወንጀሉ በሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆንና ተበዳዩ የሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ሲሆን ነው። በአንቀጽ 67 ደግሞ ግዴታውን አክብሮ የማይቀርብ፣ ሌላ ወንጀል የሚፈጽም ወይም ምስክር የሚያባብልና ማስረጃ የሚያጠፋ ከመሰለ ሊከለከል ይችላል። በልዩ ሕጎች የተቀመጡ ሌሎች ክልከላዎችም አሉ።

በፖለቲካ ነክ ጉዳዮች ፖሊስ ገና ከጅምሩ ከባድ አንቀጽ ይጠራል። ዋስትናን ለመዝጋት ይረዳዋል። ልብ በሉ፤ በጊዜ ቀጠሮ ደረጃ ገና ክስ የለም። የተጠራው አንቀጽ የፖሊስ ጥርጣሬ ነው። ምን ተጨባጭ ነገር እንደያዘ መጠየቅ ይቻላል።

ዋስትና ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ አለ። ቋሚ አድራሻ፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት የሚያሳይ ወረቀት ቀድማችሁ አዘጋጁ። "ይጠፋል" ለሚለው ክርክር መልሱ እነዚህ ናቸው። የዋስ ገንዘቡ ከአቅም በላይ ከሆነ እንዲቀነስ ማመልከት ይቻላል።

ፍርድ ቤት በዋስ ይፈታ ብሎ አዘዘ፤ ፖሊስ ግን አልፈታውም።

በጣም የሚያሳዝነኝ ጥያቄ ይሄ ነው፣ ደግሞም ከሚበዙት አንዱ ነው። ገንዘቡ ተከፍሎ፣ የመፍቻ ትዕዛዙ ደርሶ፣ ልጁ ከጣቢያው በር ሲወጣ ሌላ መኪና ይጠብቀዋል። ወይም "የሌላ ክልል ፖሊስ ይፈልገዋል" ይባላል።

የመፍቻ ትዕዛዙን ግልባጭ ያዙ። ለጣቢያው ስትሰጡ ደረሰኝ ወይም ፊርማ ጠይቁ። እምቢ ካሉ የሰጣችሁበትን ሰዓት ጻፉ፣ ምስክር ይኑራችሁ። ከዚያ ትዕዛዙን ወደ ሰጠው ችሎት ተመለሱና ትዕዛዙ እንዳልተፈጸመ አመልክቱ። ችሎቱ የፖሊስ ኃላፊውን ጠርቶ እንዲያስረዳ ማዘዝ ይችላል። አዲስ መያዣ ከሆነም አዲስ 48 ሰዓት ይጀምራል። ከሕግ ውጭ ሰው ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊቀጣ ይችላል። ይሄ አንቀጽ መጽሐፍ ላይ ተኝቶ ነው ያለው ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ብዙ አይነሳም። ግን አቤቱታችሁ ላይ ጻፉት። የሚያነበው ሰው ስሙ እዚያ እንደሚገባ ይወቅ።

የት እንዳለ ራሱ አናውቅም። ሁሉም ጣቢያ "የለም" ይላል።

አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አቅርቡ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ተቀምጧል፤ በሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 4 መብት ነው። የተያዘው ሰው ራሱ ማመልከት ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እርሱ ያመለክታል። እናት፣ ወንድም፣ ጓደኛ። ቃለ መሐላ ይያያዛል። በማን እጅ እንደሆነ፣ የት፣ እንዴት እንደተያዘና ይሄን የሚመሰክሩ ሰዎች ስም ይጻፍበታል። ፍርድ ቤቱ የያዘውን አካል ሰውየውን ይዞ እንዲቀርብና ለምን እንደማይፈታ እንዲያስረዳ ያዛል።

እንደገና ወደ ደብተሩ መጣን። ቃለ መሐላው የሚጻፈው ከእርሱ ነው።

ጎን ለጎን ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) አመልክቱ። ከአዲስ አበባ ሌላ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ሐዋሳና መቐለን በመሳሰሉ ከተሞች ቢሮ አለው። በ2012 የተሻሻለው ማቋቋሚያው ሳያስታውቅ ወደ ማቆያ ቦታዎች እንዲገባ ሥልጣን ሰጥቶታል። በ2016 አፋር ክልል አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ የነበሩትን ታሳሪዎች ሄዶ ጎብኝቷል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴም ታሳሪዎችን ይጎበኛል፣ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ያገናኛል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤም (ኢሰመጉ) ከ1984 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን ሲመዘግብ የቆየ ነው። ሁሉም ጋ ስሙን አስገቡ። አንዱ ጋ ብቻ አስገብታችሁ አትጠብቁ።

ለጠበቃ የምከፍለው የለኝም።

ለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ አቅም የሌለው ተከሳሽ ጠበቃ በማጣቱ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ይመድብለት ይላል። ይሄን የሚሠራው በፌዴራል ደረጃ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ያለው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ነው። ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው። ተከሳሹ ችሎት ፊት "ጠበቃ የማቆም አቅም የለኝም" ሲል ዳኛው እንዲመደብለት ያዛል። ማስረጃ ከተጠየቃችሁ ከወረዳ የአቅም ማነስ ደብዳቤ አውጡ።

ችግሩ ወዲህ ነው። ተከላካይ ጠበቃ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ክስ ከተከፈተ በኋላ ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ደግሞ ከዚያ በፊት፣ ጣቢያ ውስጥ፣ ቃል ሲሰጥና ቀጠሮ ሲደጋገም ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 61 የተያዘ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃውን ጠርቶ እንዲያነጋግር ይፈቅዳል። ጠበቃ ለሌለው ሰው ግን ይሄ መብት ባዶ ኪስ ነው። የሕግ ድጋፍ ገንዘብና ጉልበት መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት።

ስለዚህ ለዚያ ጊዜ ሌላ በር አንኳኩ። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ሐረማያ። አንዳንዶቹ በፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ አላቸው። ማመልከቻ ይጽፉላችኋል፣ መንገዱን ያሳዩአችኋል። ታሳሪዋ ሴት ከሆነች ወይም ጉዳዩ ሴትና ሕፃናትን የሚነካ ከሆነ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት አዋጅ ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ በ10 በመቶ ወስኖባቸው እነዚህን ድርጅቶች ክፉኛ ጎድቷቸው ነበር። በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል።

የግል ጠበቆችንም ለምኑ፣ አትፈሩ። በ1992 የወጣው የፌዴራል ጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አድርጎ ነው የጀመረው። "ሙሉውን ክርክር አልጠይቅዎትም፤ ነገ ለመጀመሪያው ቀጠሮ ብቻ ይቁሙልኝ" በሏቸው። እንዲህ ሲጠየቅ እሺ የሚል ጠበቃ ብዙ አይቻለሁ።

በር ላይ ቆመው "ጉዳዩን እናስጨርሳለን" የሚሉ ደላሎች ደግሞ አሉ። ገንዘብ አትስጧቸው። ጠበቃ ነኝ ያለን ሰው ፈቃዱን አሳየኝ በሉት።

የመንግሥት ጠበቃ እንዴት ይታመናል?

ፍርሃቱ ይገባኛል። ደመወዙን የሚከፍለው መንግሥት ነው፣ ከሳሹም መንግሥት ነው። ግን ከማውቃቸው ተከላካይ ጠበቆች መካከል ጎበዝ ተከራካሪዎች አሉ። የሚጎዳቸው የመዝገብ ብዛት ነው። ፋይሉን ያነበቡት ችሎቱ ደጃፍ ላይ ሊሆን ይችላል። እናንተ አግዟቸው። ቀናቱን በቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጧቸው። የመከላከያ ምስክር ስምና ስልክ አዘጋጁላቸው።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ይሄ ሁሉ ይቀራል?

ሁሉም አይቀርም። ብዙው ግን ይታገዳል። በአዋጁ ዘመን ያለ ማዘዣ ይያዛል፣ ይፈተሻል፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ይቆያል። በመስከረም 2009፣ በየካቲት 2010፣ በጥቅምት 2014፣ በሐምሌ 2015 የታወጁትን ያየ ሰው ያውቀዋል።

የማይነኩ አሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ሊታገዱ የማይችሉትን ይዘረዝራል። ከነዚህ አንዱ አንቀጽ 18 ነው፤ ከጭካኔና ኢሰብአዊ አያያዝ የመጠበቅ መብት። ሌላው አንቀጽ 25፣ የእኩልነት መብት። ስለዚህ ድብደባ በአዋጅም አይፈቀድም። ሰውን በብሔሩ ለይቶ ማፈስም አይፈቀድም። በ2014ቱ አዋጅ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የትግራይ ተወላጆች በማንነታቸው የተያዙ እንደሚመስል ኢሰመኮ ራሱ ተናግሯል። ያኔ በየሰፈሩ የነበረውን ፍርሃት ያየ ሰው አይረሳውም። የቤት አከራይ ተከራዩን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የፈራበት ጊዜ ነበር።

የአዋጁም ዕድሜ ገደብ አለው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል። በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከጸደቀ እስከ 6 ወር ይቆያል። ከዚያ በየ4 ወሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይታደሳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ አካል አለ፤ መርማሪ ቦርድ። ምክር ቤቱ ከአባላቱና ከሕግ ባለሙያዎች መርጦ የሚያቋቁመው፣ 7 አባላት ያሉት። የመጀመሪያ ሥራው በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስም፣ ከታሰሩበት ምክንያት ጋር፣ በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ ነው። ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች የስም ነገር ገብቷቸው ነበር። በሚያዝያ 2009 የያኔው ቦርድ ከ26,000 በላይ ሰዎች እንደታሰሩ ለምክር ቤቱ ገልጿል። ቁጥር ግን ስም አይደለም። ቤተሰብ ቁጥር ውስጥ ልጁን አያገኝም። ስለዚህ ለቦርዱ በጽሑፍ ስሙን አስገቡ፣ ዝርዝሩ ላይ መኖሩንም በጽሑፍ ጠይቁ። ግልባጩን አስቀሩ።

አዋጁ ካበቃ በኋላስ?

በአዋጁ ብቻ የተያዘ ሰው የሚቆይበት ሕጋዊ መሠረት ያልቃል። ይፈታል፤ ወይም በመደበኛው ሕግ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የ2014ቱን አዋጅ ምክር ቤቱ የካቲት 8 ቀን አንስቶታል። የ2015ቱ ጥር 24 ቀን 2016 ለ4 ወር ተራዝሞ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ጊዜው አለፈ።

አዋጅ ሳይኖርም ግን የጅምላ እስር አይተናል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንደዘገበው ከመስከረም 18 ቀን 2017 ጀምሮ በአማራ ክልል ብዙ ሰው ታስሯል። ከታሳሪዎቹ መካከል ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግና ምሁራን ነበሩ። ዳኛው ራሱ ሲታሰር ዋስትና የሚጠየቀው ከማን ነው? ግጭት ባለበት አካባቢ ፍርድ ቤት ተዘግቶ፣ ጠበቃ መንገድ ፈርቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ የሚቀር ቤተሰብ አለ። እንዲህ ሲሆን አቤቱታውን በአቅራቢያው ክፍት ወደ ሆነው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ኢሰመኮ ቢሮ የሚያደርስ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ፈልጉ።

ተደብድቧል። ምን እናድርግ?

ችሎት ላይ ይናገር፣ ልብሱን ገልጦ ያሳይ፣ ሕክምና እንዲያገኝና የሐኪም ማስረጃ እንዲቀርብ ትዕዛዝ ይጠይቅ። ቁስል ይድናል፤ ምልክቱ ሳይጠፋ ነው የሚመዘገበው። ደም የነካው ልብስ ሲወጣላችሁ አትጠቡት። በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። በላስቲክ ይሻግታል።

ማዕከላዊ የሚባለው የአዲስ አበባው የምርመራ እስር ቤት እንደሚዘጋ በታኅሣሥ 2010 ሲነገር ብዙ ሰው አልቅሷል። እዚያ የተደረገውን የሚያውቅ ትውልድ ነበር ያለቀሰው። ሕንፃ ቢዘጋም ድርጊቱ የትም ቢደገም ወንጀል ነው።

እኔ ውጭ አገር ነኝ። ከዚህ ሆኜ ምን ላግዝ?

ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት አንድ ተጠሪ ምረጡ። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ፣ ከሪያድ አምስት ዘመድ አምስት ጠበቃ ሲቀጥር አይቻለሁ። አንዱ የጠየቀውን ሌላው ያፈርሳል። አንድ ሰው እዚያ ይሂድ፣ አንድ ሰው እዚህ ይሰብስብ።

ታሳሪው የሌላ አገር ዜጋ ከሆነ ኤምባሲውን ወዲያው አሳውቁ። ቢጫ ካርድ መያዝ ኢትዮጵያዊ ዜጋ አያደርግም። የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ ኤምባሲው ለቤተሰብ መረጃ ለመስጠት የታሳሪውን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ቆንስሉ ሲጎበኘው እንዲፈርም ንገሩት።

ፌስቡክ ላይ ልጻፈው?

ጠበቃውን ወይም ታሳሪውን ሳትጠይቁ አይሆንም። ስሙ መታወቁ ሰውን የሚያድንበት ጊዜ አለ፤ በተለይ የት እንዳለ ሲካድ። ግን ስለ ጉዳዩ ፍሬ ነገር አትጻፉ። የምስክር ስም፣ የጓደኞቹ ስም፣ "እንዲህ ያደረገው ለዚህ ነው" የሚል ነገር ነገ መዝገብ ውስጥ ታገኙታላችሁ። "ይህ ሰው በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ከዚህ ቦታ ተወስዷል፤ የት እንዳለ ይነገረን" ይበቃል።

ልጁ 16 ዓመቱ ነው።

የልደት ካርዱን ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃውን ዛሬውኑ ይዛችሁ ሂዱ። ከአዋቂ ጋር መታሰር የለበትም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36። በአፈሳ ጊዜ ዕድሜ የሚጠይቅ የለም፣ ቁመት ነው የሚታየው። ከ9 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው በተለየ ሥርዓት ነው የሚታየው።

ምርመራው አልቋል ተባለ። ክስ መቼ ይመጣል?

ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ከፖሊስ ከተቀበለ በኋላ 15 ቀን አለው። የተቀበለበትን ቀን ጠይቃችሁ ጻፉ።

ተፈታ። ከዚህ በኋላስ?

መጀመሪያ ያስተኙት፣ ያብሉት። ጥያቄ አታብዙበት።

በማግስቱ ወረቀቶቹን ሰብስቡ፦ የመፍቻ ትዕዛዝ፣ የዋስትና ደረሰኝ፣ የተያዙ ዕቃዎች ዝርዝር። ስልኩና ላፕቶፑ በኤግዚቢትነት ከቀሩ በማመልከቻ ጠይቁ፤ ቃል ብቻ አይበቃም። መዝገቡ ከተዘጋ የዋስ ገንዘቡ ይመለሳል። የተዘጋበትን ማስረጃ ሳትይዙ አትውጡ፤ ያለዚያ ከዓመት በኋላ "ያልተዘጋ መዝገብ አለብህ" ይባላል።

ካሳ መጠየቅ የሚፈልግም አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በሕገ ወጥ መንገድ ነፃነቱን የተነጠቀ ሰው ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። በመርሕ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው ያለው። በሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም እውነት ማፈላለግንና ካሳን በእቅዱ አስገብቷል። ያ በር ሲከፈት የሚጠየቀው ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና ምስክር ነው። ደብተሩን አትጣሉት። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሱና ሌላ ቤት፣ ሌላ ስልክ ላይ አስቀምጡት።